በሩን ለማን እንክፈት?

ከወልድያ ተነሥቶ በመቄት በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚጓዝ ሰው ላይ ጋይንትን የሚረግጠው ጨጨሆ ሲደርስ ነው። አገሩ ገደልና ሸለቆ የበዛበት ስለ ሆነ መንገደኛ ደስ ባለው አቅጣጫ ሁሉ አይገባም፤ መግቢያው የታወቀ ነው፤ ስለዚህም ስፍራው ጨጨሆ በር ይባላል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲቀጥል የወረዳው ከተማ ንፋስ መውጫ ይገኛል። በአንደኛው ስም ውስጥ በር፣ በሁለተኛው ስም ውስጥ መውጫ አለ። በዚህ ደጋ አገር ነፋሱ እንኳ የሚወጣበት ስፍራ የታወቀለት ይመስላል።

አንባቢ ሆይ፣ የዛሬው ጨዋታችን ስለ መልክዐ ምድር አይደለም፤ በጠረጴዛ ላይ ስለ ተቀመጠው ኮምፒዩተር ነው። እርሱም የራሱ በሮችና መውጫዎች አሉት። በሮቹም ሲዘጉ ለምን እንደ ተዘጉ፣ ሲከፈቱም ለማን እንደ ተከፈቱ የማያውቅ ባለቤት አንድ ቀን መቸገሩ አይቀርም።

ከስማዳ ወረዳ፣ ከወገዳ ከተማ የጻፉልን አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ጠይቀውናል። በመሥሪያ ቤታቸው ኮምፒዩተር ላይ የደብዳቤ ገቢና ወጪ የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም አዘጋጅተው በኮንቴይነር ውስጥ አስቀምጠውታል። ፕሮግራሙ በእርሳቸው ኮምፒዩተር ላይ ያለ ችግር ይከፈታል። ነገር ግን አጠገባቸው የተቀመጠው የሥራ ባልደረባቸው ሊከፍተው ቢሞክር እምቢ ይላል። ወንድማቸው ደግሞ ከአዲስ አበባ ሆኖ ቢሞክር ምንም መልስ አያገኝም። እንግዲህ የጎደለው ምንድን ነው? በእስቴ መካነ ኢየሱስ ከሚማሩ ተማሪዎችም ይህን የመሰለ ጥያቄ ስለ ደረሰን ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ብናየው የሚጠቅም መሰለን።

በመጀመሪያ ኮንቴይነር ምንድን ነው? ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከጅቡቲ ተጭኖ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚራገፈው የብረት ሣጥን ነው። ማልኮም ማክሊን የተባለው አሜሪካዊ ባለ ጭነት መኪና እ.ኤ.አ. በ1956 58 እንዲህ ያሉ ሣጥኖችን አይዲያል ኤክስ በተባለች መርከብ ጭኖ ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ከላከ ወዲህ የዓለም ንግድ መልኩ ተለወጠ። ከዚያ በፊት ጆንያው፣ በርሜሉና ሣጥኑ በየወደቡ አንድ በአንድ ይራገፍና እንደገና ይጫን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በውስጡ ያለው ቡናም ሆነ ጨርቅ ሣጥኑ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ መርከቡም፣ ባቡሩም፣ መኪናውም ያለ ጭንቀት ይሸከመው ጀመር።

የኮምፒዩተር ሊቃውንትም ይህንኑ ሐሳብ ወሰዱ። አንድ ፕሮግራም ለመሥራት አያሌ ረዳት ፋይሎች ያስፈልጉታል፤ ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ወይም ዓይነቱ ቢለያይ በአንዱ ኮምፒዩተር የሠራው በሌላው ይቆማል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከነስንቁ በአንድ ሣጥን አድርጎ ማሸግ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በሊኑክስ ዘንድ ሐሳቡ ቀደም ብሎ የነበረ ቢሆንም በሰፊው እንዲለመድ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዶከር የተባለው መሣሪያ ነው። ዛሬ ከደብረ ታቦር የተላከ ኮንቴይነር አርብ ገበያ ላይ ቢከፈት ያው ፕሮግራም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ይሁን እንጂ ሣጥን ግድግዳ አለው። ኮንቴይነሩ ከሌላው የኮምፒዩተር ክፍል የተለየ የራሱ ኔትወርክ፣ የራሱም አድራሻ ይሰጠዋል፤ ይህም አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ በ172.17 የሚጀምር ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ መውጣት ይችላል፤ ከውጭ ወደ ውስጥ መግባት ግን በሩ ሆን ተብሎ ካልተከፈተ አይቻልም። የገጠር ቤት አጥርን ያስቧል፤ የቤቱ ሰው ወደ እርሻውም ወደ ገበያውም ይወጣል፤ እንግዳ ግን ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል እንጂ ዘው ብሎ አይገባም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ አጥሩ የተሠራው ለዚሁ ነው።

ቀጥሎ ፖርት የሚለውን ቃል እንወቅ። ቃሉ በላቲን ቋንቋ በር ከሚለው የመጣ ነው። የኮምፒዩተር አድራሻ ግቢውን ያመለክታል፤ ፖርት ደግሞ በግቢው ውስጥ የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ይናገራል። ወደ ወረዳ መሥሪያ ቤት የሄደ ባለጉዳይ ግቢውን ማግኘቱ ብቻ አይበቃውም፤ መዝገብ ቤቱ ቢሮ ቁጥር 4፣ ገንዘብ ያዡ ቢሮ ቁጥር 9 መሆኑን ማወቅ አለበት። በኮምፒዩተርም የበሮቹ ቁጥር እስከ 65,535 ይደርሳል። ተራ የድረ ገጽ ትራፊክ በ80፣ የተመሰጠረው በ443፣ ከሩቅ ሆኖ ኮምፒዩተርን ማዘዣው በ22 መግባቱ የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ጠያቂያችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ የተነሣ ጥያቄ ወገዳ ላይ ካለው ኮንቴይነር ለመድረስ አራት በሮች ማለፍ አለበት። እያንዳንዱ በር የራሱ ጠባቂ አለው፤ አንዱ ቢከፈት ሌላው አብሮ አይከፈትም። ብዙ ሰዎች የሚደክሙትም አራተኛው በር ተዘግቶ ሳለ አንደኛውን ደጋግመው ስለሚነካኩ ነው።

አንደኛው በር የኮንቴይነሩ ነው። ኮንቴይነሩ ሲነሣ «ፒ» ከሚለው ትእዛዝ ጋር 8080:80 ብለው ቢጽፉ ትርጓሜው፣ በኮምፒዩተሩ 8080 ቁጥር በር የመጣውን እንግዳ ወደ ኮንቴይነሩ 80 ቁጥር በር አስተላልፍ ማለት ነው። ግራው የውጭው፣ ቀኙ የውስጡ ነው። ሁለቱን ያገላበጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢለፋ መልስ አያገኝም። ደግሞም ኮንቴይነሩ ከተፈጠረ በኋላ «በሩን ረስቼው ነበርና አሁን ክፈትልኝ» ማለት አይቻልም፤ ያንን አንሥቶ በትክክለኛው ትእዛዝ እንደገና መፍጠር ያስፈልጋል። በማዘጋጃው ፋይል ውስጥ «ኤክስፖዝ» ብሎ የበሩን ቁጥር መጻፍም ብቻውን በር አይከፍትም፤ በር ላይ ቁጥር እንደ መለጠፍ ያለ ማስታወቂያ ነው።

በዚህ ላይ ከዓይን የተሰወረ አንድ ነገር አለ። ኮንቴይነሮች በአብዛኛው የሊኑክስ ልጆች ናቸው፤ በጠረጴዛችን ላይ ያለው ኮምፒዩተር ግን ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ነው። ስለዚህ ዶከር ዴስክቶፕ የተባለው ፕሮግራም በዊንዶውስ ውስጥ ትንሽ የሊኑክስ ኮምፒዩተር በስውር ያስነሣል፤ ኮንቴይነሮቹም የሚኖሩት በዚያ ውስጥ ነው። በማክ ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። በዊንዶውስ በኩል የተቀመጠ አንድ አገልጋይ እንግዳውን በ8080 ተቀብሎ ወደ ውስጠኛው ቤት ያደርሰዋል። ከዚህ የተነሣ በ172.17 የሚጀምረውን አድራሻ በቀጥታ ከዊንዶውስ መጥራት ዋጋ የለውም፤ ያ አድራሻ የሚታወቀው በውስጠኛው ቤት ብቻ ነው። መጥራት ያለብን ሎካልሆስት 8080ን ነው።

እዚሁ ላይ የብዙ ተማሪዎችን ጊዜ የሚበላ ስሕተት እናንሣ። 127.0.0.1 የሚባለው አድራሻ በሰው ቋንቋ «እኔው ራሴ» ማለት ነው። ታዲያ «እኔው ራሴ» የሚለው ቃል በተናጋሪው ይለያያል። ዊንዶውስ ሲለው ዊንዶውስን፣ ኮንቴይነሩ ሲለው ኮንቴይነሩን ማለቱ ነው። በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም በ127.0.0.1 ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ ከተደረገ ከራሱ በቀር የማንንም ድምፅ አይሰማም፤ በሩ ቢከፈትለትም ጆሮው ወደ ውጭ አልዞረም። እንዲሰማ ከተፈለገ በኮንቴይነሩ ውስጥ በ0.0.0.0 ላይ፣ ማለት በሁሉም አቅጣጫ እንዲያዳምጥ መደረግ አለበት። የጠያቂያችን ፕሮግራም በራሳቸው ኮምፒዩተር ላይ ከተከፈተ ይህን በር አልፈዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው በር የኮምፒዩተሩ ነው። አጠገባቸው ያለው ባልደረባቸው «ሎካልሆስት» ብሎ ከጻፈ የጠራው የራሱን ኮምፒዩተር ነውና እምቢ ቢለው አይፈረድበትም። መጻፍ ያለበት ፕሮግራሙ ያለበትን ኮምፒዩተር አድራሻ ነው፤ ለምሳሌ 192.168.1.20፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ 8080። በሩ ሲከፈት 127.0.0.1:8080:80 ተብሎ ተጽፎ እንደ ሆነም ለባለቤቱ ብቻ ነው የተከፈተው፤ 8080:80 ብቻ ከተጻፈ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሚመጣው ሁሉ ተከፍቷል።

ይህ ሁሉ ትክክል ሆኖ አሁንም እምቢ ካለ የዊንዶውስን ዘበኛ፣ ፋየርዎልን ይመልከቱ። ዊንዶውስ የተገናኘበትን ኔትወርክ «ፐብሊክ» ብሎ ከመዘገበው ሰው እንደሚያልፍበት አደባባይ ቆጥሮ ጥበቃውን ያጠብቃል፤ «ፕራይቬት» ካለው ግን እንደ ቤት ያየዋል። የመሥሪያ ቤቱ ወይም የትምህርት ቤቱ የራሱ ኔትወርክ ከሆነ «ፕራይቬት» ማድረግና ለ8080 በር ብቻ ፈቃድ መስጠት ይበቃል። ዘበኛውን ጨርሶ ማሰናበት ግን የሰነፍ መፍትሔ ነው። አንድ እንግዳ እንዲገባ ብሎ አጥሩን በሙሉ የሚያፈርስ ሰው የለም።

ሦስተኛው በር የራውተሩ ነው። በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ለየቤቱና ለየመሥሪያ ቤቱ የውስጥ አገልግሎት የተለዩ ናቸው፤ በየከተማው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች ያንኑ ቁጥር ይጠቀማሉ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ 192.168.1.20 ብሎ መጥራት «የአቶ ተስፋዬን ቤት አሳዩኝ» ብሎ በአገሩ ሁሉ እንደ መጠየቅ ነው። ከውጭ የሚታወቀው የራውተሩ አድራሻ ብቻ ነው። ራውተሩም ከውስጥ ለወጣው ጥያቄ የመጣውን መልስ ለባለቤቱ ያደርሳል እንጂ ሳይጠራ የመጣውን እንግዳ ለማን እንደሚያደርስ አያውቅም፤ ስለዚህ ይጥለዋል። በራውተሩ ማዘዣ ገጽ ገብቶ «በ8080 የመጣውን ለ192.168.1.20 አስተላልፍ» የሚል ደንብ መጻፍ ፖርት ፎርዋርዲንግ ይባላል። የኮምፒዩተሩ አድራሻም በየጊዜው እንዳይለዋወጥ በራውተሩ ላይ በስሙ ማስያዝ ይገባል፤ አለዚያ ዛሬ የተጻፈው ደንብ ነገ ወደ ሌላ ሰው ቤት ይመራል።

አራተኛው በር የእኛ አይደለም፤ የቴሌኮሙ ነው። የኢንተርኔት የቀድሞው አድራሻ አሠራር የሚሰጠው በጠቅላላው ከ4 ቢሊዮን 290 ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጥ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከዓለሙ ማዕከላዊ ግምጃ ቤትም የመጨረሻዎቹ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ታድለው አለቁ። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ኩባንያዎች አንድን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ማካፈል ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚህ ሥራ ከ100.64.0.0 እስከ 100.127.255.255 ያለው ተለየላቸው። በሞባይል መስመር በሚገኝ ኢንተርኔት ይህ አሠራር እጅግ የተለመደ ነው። በዚህ ዓይነት መስመር ላይ ያለ ሰው በራውተሩ ላይ መቶ ደንብ ቢጽፍ እንግዳው የሚመለሰው ከእርሱ በላይ ካለው በር ነው።

ይህን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ራውተሩ በገጹ ላይ የውጭ አድራሻዬ ነው የሚለውን ቁጥር ይጻፉ፤ ቀጥሎም አድራሻን የሚናገር አንድ ድረ ገጽ ከፍተው የሚነግርዎትን ቁጥር ይጻፉ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ የራስዎ የውጭ አድራሻ አለዎት። ከተለያዩ ግን በመካከል ሌላ በር አለ። መፍትሔውም ሁለት ነው። አንደኛው ከኩባንያው የማይለዋወጥ የውጭ አድራሻ በክፍያ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ከውስጥ ወደ ውጭ መውጣት የተፈቀደ መሆኑን መጠቀም ነው፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ወጥቶ በውጭ ካለ አንድ ሰርቨር ጋር መስመር ይዘረጋል፤ እንግዳውም በዚያ መስመር ተከትሎ ይገባል። ዋየርጋርድ፣ ቴይልስኬል፣ ክላውድፍሌር ተነልና የኤስኤስኤች የተገላቢጦሽ መስመር ይህን ከሚሠሩት መካከል ናቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ችግር ሲገጥምዎ ከውስጥ ወደ ውጭ እየፈተሹ ይውጡ። በመጀመሪያ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ፣ ቀጥሎ ከአጠገቡ ካለው ኮምፒዩተር፣ ከዚያም ዋይፋዩን ዘግተው ከስልክዎ የሞባይል መስመር ይሞክሩ። መልሱ የቀረበት ደረጃ የተዘጋውን በር ያሳያል። የወገዳው ጠያቂያችን ፈተና የወደቀው በሁለተኛው ደረጃ ነውና መመልከት የሚገባቸው አድራሻውንና ፋየርዎሉን ነው።

እስካሁን የተናገርነው በሩ እንዴት እንደሚከፈት ነው። ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን መከፈቱ ይገባል ወይ፣ ከተከፈተስ ለማን ነው የሚለው ነው። በኢንተርኔት ላይ የተከፈተን በር የሚያንኳኳው የአዲስ አበባው ወንድም ብቻ አይደለም። ቀንና ሌሊት የዓለሙን በር ሁሉ በተራ እያንኳኩ የሚዞሩ ማሽኖች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ሾዳን የተባለው ድረ ገጽ እንዲህ የተከፈቱትን በሮች እየለቀመ ለሚፈልግ ሰው ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ሞንጎ ዲቢ በተባለው የመዝገብ ፕሮግራም የተቀመጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መዝገቦች ያለ ይለፍ ቃል ለዓለም ተከፍተው በመገኘታቸው ሰርጎ ገቦች ገብተው ጠራርገው፣ ለመመለሻው ገንዘብ የሚጠይቅ ማስታወሻ ትተው ሄዱ። ቁልፍ የሰበረ ሌባ አልነበረም፤ በሩ ክፍት ነበር።

በወረዳ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የገበሬው ስም፣ የመሬቱ ይዞታ፣ የእናትየዋ አቤቱታ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ነው። ይህን ለጸሐፊው አደራ ብለው የሰጡት ሰዎች ፖርት የሚባል ነገር መኖሩን አያውቁም፤ ማወቅም አይጠበቅባቸውም። የሚጠበቅበት እርሱ ነው። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን የግል መረጃ የያዘ ሁሉ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ስለዚህ ለጠያቂያችን የምንሰጠው ምክር ግልጥ ነው። ለባልደረባዎ ይክፈቱ፤ ለዓለም ግን አይክፈቱ። ከሩቅ ሆኖ መሥራት የግድ ከሆነ ለታወቁ ሰዎች ብቻ በሚዘረጋ በተመሰጠረ መስመር ይሁን፤ ይህም በአለቃ ፈቃድና በጽሑፍ ይሁን።

ጥንቃቄውን በሦስት ነገር እናጠቃልለው። መጀመሪያ፣ የመዝገቡ ቋት በራሱ ኮንቴይነር ውስጥ ከሆነ የእርሱን በር ጨርሶ አይክፈቱ፤ ኮንቴይነሮች በአንድ የውስጥ ኔትወርክ ላይ በስም እየተጠራሩ ይነጋገራሉና የውጭ በር የሚያስፈልገው እንግዳ ተቀባዩ ፕሮግራም ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሊኑክስ የሚጠቀሙ ከሆነ ዶከር የከፈተው በር ዩኤፍደብልዩ የተባለውን ዘበኛ ሳያስፈቅድ ሊያልፍ እንደሚችል ይወቁ፤ ስለዚህ ለራስዎ ብቻ የሚፈልጉትን በር ሁልጊዜ በ127.0.0.1 ይገድቡ። ሦስተኛ፣ ዶከር ዴስክቶፕ ለግል ሥራና ለትምህርት በነፃ ይሰጣል፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ክፍያ ይጠይቃል። በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ዶከር ኢንጂን ግን ነፃ ነው። ሕግ የሚያስከብር መሥሪያ ቤት የሌላውን ውል ቢጥስ አያምርበትም።

በሩ የግድ ለሩቁ ዓለም ካልተከፈተ ታዲያ ይህ ሁሉ እውቀት ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በእኛ አስተያየት ዋናው ጥቅም እዚሁ አጠገባችን ነው። አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉት ለኔትወርክም ይሠራል።

በታች ጋይንት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ደኅና ኮምፒዩተርና አንድ ራውተር ብቻ አለው እንበል። ኪዊክስ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን የመሳሰሉ የእውቀት ስብስቦችን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ኮሊብሪ የተባለውም የትምህርት ቪዲዮና መልመጃ በዚሁ መንገድ ያቀርባል። ኪዊክስ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮንቴይነር አለው፤ በውስጥ የሚያዳምጠው በ8080 በር ነው። ኮንቴይነሩን ለማውረድ ጥሩ መስመር ካስፈለገ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ታቦር ላይ አውርዶ «ሴቭ» በሚለው ትእዛዝ አንድ ፋይል ማድረግ፣ በፍላሽ ይዞ መጥቶ «ሎድ» በሚለው ማስገባት ይቻላል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሚሆን ለእርሱ ሰፊ ዲስክ ያስፈልጋል፤ ሥዕል የሌለው ወይም የተመረጠ ክፍል ብቻ የያዘ ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። የአማርኛው ደግሞ ትንሽ ፋይል ነው።

ከዚያ በኋላ 8080:8080 ብሎ በሩን መክፈት፣ ፋየርዎሉን ለዚያ በር ብቻ ማስፈቀድ፣ የኮምፒዩተሩን አድራሻ በራውተሩ ላይ ማስያዝ፣ በመጨረሻም አድራሻውን በጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። ስልክ ያለው ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ዋይፋይ ጋር ይገናኛል፤ የሌለው ከጓደኛው ጋር ያነባል። አንድ ሳንቲም የሞባይል ካርድ አይወጣም። ከሦስተኛውና ከአራተኛው በር ጋርም ጉዳይ የለንም፤ ራውተሩ ከቴሌኮሙ ጋር ባይገናኝ እንኳ በግቢው ውስጥ ያሉትን እርስ በርሳቸው ያገናኛል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ትምህርቱን በስልኩ ይከታተል የነበረ ተማሪ ሁሉ ምን እንደ ሆነ የምናውቅ ሰዎች፣ በክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ እውቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ልንዘነጋው አይገባም።

ለዚህም ቢሆን ጥቂት ነገር ማሰብ ያሻል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮንቴይነሩ በራሱ እንዲነሣ ሲፈጠር «ሪስታርት» የሚለውን ደንብ ይስጡት። ዶከር ዴስክቶፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ሰው ገብቶ የይለፍ ቃሉን ከጻፈ በኋላ መሆኑን አይርሱ፤ ስለዚህ ጧት ጧት ኮምፒዩተሩን የሚከፍት ተረኛ ያስፈልጋል። ራውተሩም ለእንግዶች የሚሰጠው ልዩ ዋይፋይ ካለው ተማሪዎቹን በእርሱ አያገናኙ፤ እርሱ መሣሪያዎችን እርስ በርሳቸው እንዳይተያዩ ይለያልና።

ሌላም ነገር እናክል። ያ የአማርኛ ስብስብ ገና ቀጭን ነው፤ ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ገጽ ብቻ አለው። ስለ ጉና ተራራ፣ ስለ በሽሎ ሸለቆ፣ ስለ እስቴ ደጋማ እርሻ ተማሪው በአማርኛ በቂ ንባብ ቢፈልግና ቢያጣ ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ አይደለም። አገሩን የሚያውቁት እነዚያው ልጆች ናቸው። ዛሬ በሩ የተከፈተላቸው አንባቢዎች ነገ ጸሐፊዎች ቢሆኑ ሌላው ትምህርት ቤት የሚያነበው ይበዛል።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ አንድ ልማድ ይዘው ቢሄዱ ደስ ይለናል። አንድ ደብተር ያዘጋጁና የከፈቱትን በር ሁሉ ይመዝግቡ፤ የበሩ ቁጥር፣ ከጀርባው ያለው ፕሮግራም፣ የተከፈተበት ቀን፣ የተከፈተለት ሰው፣ የሚዘጋበትም ቀን ይጻፍ። በየወሩ መጨረሻ ደብተሩን ከፍተው «ይህ በር ዛሬም ያስፈልጋልን?» ብለው ይጠይቁ። ለማን እንደ ተከፈተ መልስ የማይገኝለትን በር በዚያው ዕለት ይዝጉት። የሥራ ቦታ ቢለውጡ ደግሞ ያንን ደብተር ለተተኪዎ ከቁልፎቹ ጋር ያስረክቡ።